የአዳኙ ጆሮና የአዳኙ ቅናት

አንድ ደርሶ የሚባል አዳኝ በቆላ አገር ይኖር ነበር። አገሩ ማሽላ አብቃይ ነው። ማሽላው ሲያፈራ ከርከሮ ከጫካ እየወጣ ያወድመዋል፤ ያን ጊዜ ገበሬዎቹ ደርሶን ይጠሩታል። እሱም ምንሽር ጠመንጃውን ይዞ ጎህ ሲቀድ ማሳው ዳር ያደፍጣል። ዒላማ ስለማይስት በአካባቢው የተከበረ ሰው ነበር።

ደርሶ ሁልጊዜ የሚያድነው ከአብሮ አደጉ ከቢያድግልኝ ጋር ነው። ቢያድግልኝ ጥንቁቅ ሰው ነበር። አውሬው እስኪመጣ ጆሮውን ጥሎ ያዳምጣል፤ ሊተኩሱ ሲሉ ግን ጥጥ በሰም ለውሶ ሁለቱንም ጆሮዎቹን ይደፍናል። ደርሶ ይህን ባየ ቁጥር ይስቅበታል።

«ሰው ከገዛ ጠመንጃው ድምፅ ይሸሸጋል?» ይለዋል።

«ከተኮስክ በኋላ ጆሮህ አይጮህብህም?» ብሎ ይጠይቀዋል ቢያድግልኝ።

«ይጮሃል። ማታ ይተወኛል።»

«የተወህ ይመስልሃል እንጂ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ እየወሰደብህ ነው። እንካ፣ ለአንተም ለውሼልሃለሁ።»

ደርሶ ሰሙን ይቀበልና ሣሩ ውስጥ ይወረውረዋል።

ዓመታት አለፉ። መጀመሪያ ጩኸቱ ማታ ማታ ይተወው ነበር። በኋላ እስከ ማግስቱ ይቆይ ጀመር፤ በመጨረሻ ጨርሶ አልለቀው አለ። ጠመንጃውን በቀኝ ትከሻው ሲደግፍ ወደ አፈሙዙ የሚዞረው ግራ ጆሮው ስለሆነ ቀድሞ የደከመው እሱ ነበር። ደርሶ ይህን ለማንም አልተናገረም። ጆሮው የደከመ አዳኝ ማን ይጠራዋል? ይባስ ብሎ ለራሱም አላመነም። እሱ ያመነው፣ ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ማውራት ጀምረዋል ብሎ ነው።

ከሁሉም በላይ ድምፅዋን ዝቅ ያደረገችበት ሚስቱ ስንዱ መሰለችው። ስንዱ ጨዋታ አዋቂ ናት። ገበያ ያየችውን ሰው አነጋገርና አረማመድ እያስመሰለች ስታወራለት ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር። አሁን ግን አጠገቡ ተቀምጣ አፏ ይንቀሳቀሳል፣ ወሬው አይደርሰውም። «ምን አልሽ?» እያለ ደጋግሞ መጠየቁ ሲያሳፍረው፣ እንደ ሰማ ሰው ራሱን መነቅነቅ ጀመረ። መሳቅ ባለበት ቦታ አይስቅም፤ ማዘን ባለበት ቦታ ፈገግ ይላል። ስንዱም ቀስ በቀስ ወሬዋን ቀነሰች።

ቢያድግልኝ ሲመጣ ግን ቤቱ ይደምቃል። ስንዱ ታወራለች፣ ቢያድግልኝ ይመልሳል፣ አብረው ይስቃሉ። ደርሶ መደቡ ላይ ሆኖ የአንዱን ፊት ከሌላው እያፈራረቀ ያያል። ጆሮው የሚይዘው እንደ ሹክሹክታ ያለ ነገር ብቻ ነው። በገዛ ቤቴ፣ በዓይኔ ፊት ያንሾካሹካሉ አለ በልቡ።

ቅናት እንዲህ ገባበት። ከዚያ በኋላ ሁሉ ነገር ማስረጃ ሆነለት። ስንዱ ፀጉሯን ስትሠራ ለማን ነው ይላል። ወጥ ስታወጣ የማን ሳህን ላይ ሥጋ እንደበዛ ያያል። ጫካ ውስጥም ቅናቱ አልተወውም። ቢያድግልኝ ጣቱን አንስቶ «እየመጡ ነው» የሚለው ደርሶ ምንም ሳይሰማ ነው። ገበሬዎቹም ከርከሮ ሲያስቸግራቸው መጀመሪያ ወደ ቢያድግልኝ ቤት መሄድ ጀመሩ። ስሜንም ሚስቴንም ሊወስድ ነው እያለ ውስጥ ውስጡን ይብሰለሰል ነበር።

አንድ ቀን ከመንገድ ሲመለስ ስንዱንና ቢያድግልኝን አጥሩ ጥግ ቆመው አገኛቸው። ስንዱ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች፤ ቢያድግልኝ አንገቱን ደፍቷል። ሲያዩት ዝም አሉ።

«ምን ትሉ ነበር?» አላቸው።

ስንዱ ፊቷን እንዳዞረች የሆነ ነገር መለሰች። ደርሶ አንዲት ቃል አልሰማም። ድጋሚ አልጠየቀም፤ ልቡ መልሱን ቀድሞ ሰጥቶታል።

ብዙም ሳይቆይ ሁለቱ ጓደኛሞች ለአደን ወጡ። መንገድ ላይ ቢያድግልኝ ሲያወራው ደርሶ አልመለሰለትም። ማሳው ሲደርሱ ተለያይተው ቆሙ። ደርሶ ጀርባውን ለቁጥቋጦው ሰጠ፤ ቢያድግልኝ ከማዶ ፊት ለፊቱ ሆነ።

ጥቂት እንደቆዩ ትልቅ ከርከሮ ብቅ አለ። ቢያድግልኝ ተኮሰ። ከርከሮው ቆሰለ እንጂ አልወደቀም፤ ማሽላው ውስጥ ገብቶ ተሰወረ። ዞሮም በደርሶ ጀርባ በኩል ቁጥቋጦውን እየሰባበረ መጣ። ለሚሰማ ሰው እንደ ደራሽ ጎርፍ ያለ ድምፅ ነበር። ደርሶ አልሰማም።

ቢያድግልኝ «ከኋላህ ነው፣ ዞር በል» እያለ ጮኸ። ደርሶ ያየው ግን ጓደኛው ጠመንጃውን ወደ እሱ ደግኖ፣ ፊቱ ተለዋውጦ ሲሮጥበት ነው። ሊገድለኝ ነው፣ ገድሎኝ ሊወስዳት ነው አለ በልቡ። ምንሽሩን አንስቶ የቢያድግልኝ ደረት ላይ አነጣጠረ። ጣቱ ቃታው ላይ አረፈ።

ቢያድግልኝ አፈሙዙን ሲያይ ባለበት ቆመ። ከርከሮውን እንዳይመታ ደርሶ መሐል ላይ ነው። ጠመንጃውን መሬት ላይ አስቀምጦ ባዶ እጁን አሳየው፤ ከዚያም በጣቱ ወደ ኋላው ጠቆመው። ደርሶ ተንኮል መሰለውና አልዞረም። ከርከሮው ደረሰና በጥርሱ ጭኑን ሰንጥቆ ጣለው። ምንሽሩ ወደ ሰማይ ባረቀ። ቢያድግልኝ ጠመንጃውን አንስቶ፣ ተጠግቶ፣ አውሬውን ገደለው። ጋቢውን ቀዶ የደርሶን ጭን ጥብቅ አድርጎ አሰረ፤ አዝሎም ቤቱ አደረሰው።

ስንዱና ቢያድግልኝ ቁስሉን እያጠቡ ሲነጋገሩ ደርሶ አፋቸውን ይመለከት ነበር።

«አሁንም ታንሾካሹካላችሁ» አለ። «መሞቴ ካልቀረ ንገሩኝ። ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ስንዱ ተነሥታ በቀኙ በኩል ዞረች። አፏን ወደ ጆሮው አስጠጋች።

«ምኑ ነው ከመቼ ጀምሮ?»

«የአንቺና የእሱ ነገር።»

ስንዱ የያዘችውን ጨርቅ አስቀመጠች።

«ደርሶ፣ ማንም አላንሾካሾከም» አለችው። «እኛ ስናወራ ጎረቤት ድረስ ይሰማል። አጥሩ ጥግ ያገኘኸን ቀን ስለ አንተ እየለመንኩት ነበር። አይሰማም፣ አውሬ ከኋላው ቢመጣ አያውቅም፣ ከዓይንህ እንዳታጣው እያልኩት ነበር። ምን ትሉ ነበር ስትለን ይህንኑ ነገርኩህ። ጥለኸኝ ስትገባ፣ ተቆጥተህ ነው ብዬ ተውኩህ።»

«ከእሱ ጋር ትስቂያለሽ። ከእኔ ጋር አትስቂም።»

«እውነት ነው። እሱ ሲመጣ ደስ ይለኛል፤ ሳወራ ይመልስልኛላ። የምጠራው ግን አንተን ነበር። ደጋግሜ ስጠራህ ዞር ሳትል ስትቀር፣ ጠልቶኛል እያልኩ ስንት ቀን ጓዳ ገብቼ አልቅሻለሁ።»

ቢያድግልኝም በተራው ወደ ቀኝ ጆሮው ጎንበስ አለ።

«ልትተኩስ ነበር?» ብሎ ጠየቀው።

«አዎ» አለ ደርሶ።

ቢያድግልኝ ቁስሉን አጥቦ ጨረሰ፣ አሰረለት፣ እጁን ታጥቦ ወደ ቤቱ ሄደ።

ቁስሉ ከጊዜ በኋላ ዳነ። ጆሮው ግን አልተመለሰም። ስንዱ በቀኙ መቀመጥ፣ ፊት ለፊት እያየችው ረጋ ብላ ማውራት ለመደች። ደርሶም ያልሰማውን እንድትደግምለት ያለ ኀፍረት ይጠይቃታል። ደግማ ትነግረዋለች፤ ነገር ግን የሚያስቅ ወሬ ሁለተኛ ሲነገር እንደ መጀመሪያው አያስቅም። ቢያድግልኝም እንደ ድሮው ይጠይቃቸዋል፣ አብሯቸው ይበላል። ለአደን ግን ከደርሶ ጋር ዳግመኛ አልወጣም። ደርሶም አብረን እንውጣ ብሎት አያውቅም።

ወዳጄ፣ የጠመንጃ ጩኸት ጆሮን ሲወስድ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት በጥቂቱ ነው፤ ከሄደ በኋላ የሚመልሰው የለም። የምታድን ወይም ዒላማ የምትለማመድ ከሆንክ ቃታ ከመሳብህ በፊት ጆሮህን ሸፍን። የሚስቁብህ ቢኖሩም ሸፍን። ጆሮህ አስቀድሞ ደክሞ ከሆነ ደግሞ አትደብቀው፤ ለቤተሰብህ ተናገር። ደርሶ አለመስማቱን ሸሸገና፣ ያልሰማውን ሁሉ በገዛ ቅናቱ ሞላው። እንደ ወንድሙ የሆነውን ሰው ለመግደል አንዲት ጣት ብቻ ቀርታው ነበር።

አንተስ፣ ሰዎች ተደብቀው የሚያሙህ በመሰለህ ጊዜ፣ ምን እንዳሉ ተጠግተህ ጠይቀሃል? ዝም አለችኝ ብለህ የተቀየምካት ሰው፣ ስትጠራህ ቆይታ ቢሆንስ?