የነጋድራስ ወገን

ባቡር ገና ብርቅ በነበረበት ዘመን፣ ባንኩንም ሐዲዱንም የያዙ ነጋድራስ ወልደ ሩፋኤል የሚባሉ ጌታ ነበሩ። ሚኒስትር በተሻረ ቁጥር የአዲሱን ደጅ በመጥናት የሚቀድማቸው አልነበረም። በዚያ ዓመት አራተኛው ሚኒስትር በተሾመ ማግስት፣ የሠራተኞቻቸውን ወገን ሊያጣሩ ጣቢያ ወረዱ።

«አንተ፣ የማን ወገን ነህ?» አሉት ባቡሩን ከአንዱ ሐዲድ ወደ ሌላው የሚያዞረውን ሐዲድ ቀያሪ። «ዋሽተህ ብትገኝ ትባረራለህ።»

ሰውየው ጨነቀው። የአዲሱ ነኝ እንዳይል፣ ባለፈው ሳምንት በራሳቸው በነጋድራስ ትእዛዝ ለተሻረው ሲያጨበጭብ ታይቷል፤ የተሻረው ወገን ነኝ ቢል እንጀራው መቆረጡ ነው። የመቀየሪያውን ብረት እንደጨበጠ ለጥ ብሎ እጅ ነሳ።

«እኔማ ጌታዬ፣ የእርስዎ ወገን ነኝ። ብቻ እርስዎ የማን ወገን ሆነው እንዳደሩ፣ ጠዋት ጠዋት በመጀመሪያው ባቡር ይላኩልኝ።»