ንጹሕ የተባለው ወረቀት

አንድ ሰው ነበረ፤ የወፍጮ ቤት ባለቤት። ልጄ ትርሲት፣ ልጇን ስለቀበረችው እህትሽ የጠየቅሽኝን ሰምቻለሁ። «ደህና ነኝ ካለችኝ በኋላ ደግሜ ደጋግሜ ብጠይቃት መነዝነዝ አይሆንብኝም?» ነው ያልሽኝ። እስቲ መጀመሪያ የዚህን ሰው ነገር ስሚ።

ሰውየው ወፍጮው ዘንድ እንደቆመ ደረቱን ድንጋይ እንደተጫነበት ያህል ከበደው፤ ግንባሩን አላበው፤ ሕመሙ ወደ ግራ ክንዱ ወረደ። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበርና «ባዶ ሆዴን ስውል ጨጓራዬ ተነሣብኝ» ብሎ ተልባ አስበጥብጦ ጠጣ። ሚስቱ ግን አልዋጥልሽ አላትና እጁን ይዛ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል አደረሰችው።

እዚያም ደረቱ ላይ ሽቦ ለጣጠፉበት። ኢሲጂ የሚሉት መሣሪያ ነው፤ የልብን ምት ወረቀት ላይ መስመር አድርጎ ያወጣል። ሐኪሙ ወረቀቱን በጥንቃቄ አየው። የሚያሰጋ ነገር አላገኘበትም።

«አባቴ፣ ንጹሕ ነው። የጎረምሳ ልብ ነው ያለዎት» አለው።

ሚስትየው «ሰማህ? ጎረምሳ ተብለሃል። እንግዲህ ጆንያውን ራስህ ትሸከማታለህ» አለችና ተሳሳቁ።

ሐኪሙ የተማረው ደንብ አለ። ሕመሙ ካልለቀቀ በሽተኛው አይሄድም፤ ጥቂት አቆይተው ሌላ ወረቀት ያነሡለታል፤ የልብ አደጋ ሲጀምር መስመሩ ላይ ወዲያው ላይታይ ይችላልና። ስለዚህ በር ላይ ሲደርሱ «አሁንስ እንዴት ነዎት?» ብሎ ጠየቀው።

ሰውየው ደረቱ እንደተያዘ ነበር። ግን የምሥራች የነገረውን ሐኪም እንዴት አድርጎ «አላመንኩህም» የሚል ፊት ያሳየው? ደግሞስ እንዴት ነህ ሲባል ሌላ የሚመልስ ማን ነው? «እግዚአብሔር ይመስገን» አለ። ሐኪሙም ሕመሙ ለቅቆታል ማለት ነው ብሎ አሰናበተው።

ሚስትየው ባጃጅ ልትጠራ ወጣች። እሱ አጥሩ ሥር ቁጭ እንዳለ ወደቀ። ዘበኞች ተሸክመው መለሱት፤ ሽቦዎቹ እንደገና ተለጠፉ፤ ወረቀቱ ወጣ። መስመሩ እንደ ጉብታ ተነሥቷል፤ ይህ የልብ አደጋ ምልክት ነው።

«ይሄ የሌላ ሰው ነው» አለ ሐኪሙ።

«የሳቸው ነው፣ ዶክተር» አለችው ነርሷ።

ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ያዘ። ያው ደረት፣ ያው ሰው፤ የፊተኛውን ከጠረጴዛው ላይ ያነሣው ገና አሁን ነው። በዚያው ቅጽበት የሰውየው ልብ ቆመ፤ ሐኪሙ ወረቀቱን ጥሎ ደረቱን ይጫን ጀመር። ብዙ ተጫነ። ሰውየው አልተመለሰም።

ሚስትየው ገብታ «ባጃጁ ቆሟል፣ ተነሥ እንጂ» አለች። ቀጥላ የሁሉንም ፊት አየች። «ንጹሕ ነው አላላችሁም?» ብላ በቀስታ ጠየቀች።

ልጄ፣ መሣሪያው አልዋሸም፤ የዚያችን ደቂቃ እውነት ነው ያወጣው። ሰውየውም አልዋሸም፤ በሕመም ውስጥም ፈጣሪን ማመስገን ደግ ነው። ምስጋናው ግን ለላይኛው ነበር፤ ሐኪሙ ለራሱ የተመለሰለት መስሎት ወሰደው። እህትሽም በስልክ «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» ስትልሽ አንቺ ንጹሕ ወረቀት እንደያዘ ሰው ዘግተሽ ትተኛለሽ። እህል መቅመስ ትታለች ያልሽኝ ግን አንቺው ነሽ። ሕመሙ እስካለ ድረስ ጥያቄው ይደገማል፤ ይሄ መነዝነዝ አይባልም። ስልኩን ተዪው። አሁን ሄደሽ አጠገቧ ተቀመጪ፤ «ደህና ነኝ» ስትልሽም አትነሺ።