አወዳደቅ የማያስተምረው የትግል ቤት

አንድ የትግል አስተማሪ ነበረ። እሱና ባልንጀራው ከአንድ ሽማግሌ መምህር ዘንድ አብረው ተምረዋል። ሽማግሌው መጣልንም አወዳደቅንም ያስተምሩ ነበር፦ አገጭን ወደ ደረት ማስጠጋት፣ እጅን ቀጥ አድርጎ አለመዘርጋት፣ በትከሻ መንከባለል። እሳቸው ሲሞቱ ሁለቱ ማን ይተካቸው በሚል ተቀያየሙና በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ ሁለት የትግል ቤቶች ከፈቱ።

ባልንጀራው ጀማሪን ሁሉ ከአወዳደቅ ያስጀምር ነበር። አስተማሪው ይህን ሲያይ አወዳደቅን ከትምህርቱ አወጣ። «እዚህ ቤት የሚወድቅ ሰው አናሠለጥንም» አለ። ተማሪዎቹም የባልንጀራውን አጥር ተደግፈው ማሾፍ ልማድ አደረጉ።

«ዛሬስ ስንት ጊዜ ወደቃችሁ?»

«ግቡና ቁጠሩልን!» ይሏቸው ነበር ከውስጥ።

ከአስተማሪው ተማሪዎች አንዱን ልጅ ስድስት ዓመት ሙሉ ማንም አልጣለውም። በሁለቱ ቤቶች ዓመታዊ ግጥሚያ ዕለት ከባልንጀራው ቤት የሦስት ወር ጀማሪ ደረሰው። ጀማሪው እግሩን ጠለፈው። አወዳደቁ ቀላል ስለነበር ተመልካቹ ሳቀ። ልጁ ግን እጁን ወደ ኋላ ቀጥ አድርጎ ዘርግቶ ኖሮ ክንዱ ተሰበረ፤ ማጅራቱም ከመሬት ጋር ተጋጨ።

«ተነስ እንጂ፣ ምን ያስተኛሃል!» አለው አንዱ ከዳር።

«እግሬ አይሰማኝም» አለ ልጁ። ሳቁ ቆመ።

አስተማሪው እየጮኸ ወደ እሱ ሮጠ። ሜዳውን የከለለው ገመድ እግሩን ያዘውና ወደ ፊት ተወረወረ። ሰዉ «እግዚኦ!» አለ። እሱ ግን አገጩን ወደ ደረቱ አስጠግቶ፣ በትከሻው ተንከባሎ ተነሣና ሩጫውን ቀጠለ። ጭረት እንኳ አልነካውም። አስቦ ያደረገው አይመስለኝም።

ተማሪዎቹ በሙሉ አዩት። የወደቀውም ልጅ ከተኛበት አየው።

«ጋሼ» አለ፣ «አወዳደቅ ያውቁ ኖሯል?»

ልጁ ከዚያ ቀን ወዲህ በእግሩ አልሄደም።

አንተ ወንድሜ፣ ከሚስትህ ከተለያየህ በኋላ ልጆችህን፣ ሲያጠፉ ይቅርታ መጠየቅን እንዲተዉ አዘሃል፤ እናታቸው ያስለመደቻቸው ስለሆነ። «ይህ ምን ጉዳት አለው?» ብለህ ጠየቅኸኝ። ምሳሌው በሁሉም ነገር ላይገጥም ይችላል፤ በአንድ ነገር ግን ይገጥማል። አስተማሪው አንተ ነህ። እሱ አወዳደቅን የተወው የማይረባ ሆኖ አይደለም፤ ባልንጀራው ስላስተማረው ነው። አንተም ልማዱ ክፉ ነው አላልከኝም፤ የእሷ ነው አልከኝ። ዛሬ አርፍደህ ስትገባ ግን፣ ገና ሳትቀመጥ ይቅርታ ጠየቅኸኝ። ልጆችህ ይህን ያዩ ቀን ምን ትላቸዋለህ?