የቄስ ታምያለው ኦሪት

በአንድ ወቅት፣ ሰዉ ከጎንደር ወጥቶ በእግሩ ወደ ሱዳን በሚተምበት ዘመን፣ ቄስ ታምያለው የሚባሉ የቤተ እስራኤል ካህን ነበሩ። ሚስታቸውን ላቀችን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አንድ ጨቅላ የልጅ ልጅ ይዘው ለኢየሩሳሌም ተነሡ። ቄሱና ጨቅላው መንገድ ቀሩ። የቄሱ የብራና ኦሪት ግን ደረሰ።

ኢየሩሳሌም ሲደርሱ በአገራቸው የማያውቁት በዓል ጠበቃቸው፤ ሲምሐት ቶራ ይሉታል። ዓመቱን ሙሉ ሲነበብ የከረመው ኦሪት በሙሴ ሞት ያልቃል፤ ወዲያው ደግሞ ከ«በመጀመሪያ» ይጀመራል። ሰዉም ኦሪት አቅፎ ይጨፍራል። የማኅበሩ ሽማግሌዎች ላቀችን ጠሯት።

«የባልሽን ኦሪት አንዱ ልጅሽ ይዞ ይዙር። ዛሬ የያዘው ዕድሜ ልኩን ጠባቂው ነው። አንቺ ምረጪ» አሏት።

ወይ ጣጣ! ከአምስቱ ጣት የትኛው ቢቆረጥ አያምም?

በኩሩ ወንድይፍራው ነው። በጥድፊያ ሲወጡ ኦሪቱ ጎተራ ውስጥ ተደብቆ ቀርቶ ነበር። እሱ ሊያመጣው ተመለሰ። ወታደሮች ይዘው ቢገርፉት ቤተሰቡ በየት እንደሄደ አልተነፈሰም። አንድ ዓይኑን አጥቶ፣ ኦሪቱን ይዞ ደረሰባቸው።

ሁለተኛው ቸኮል ነው። አባቱ በረሃ ሲሞቱ ሰዉ ሁሉ ሸሸ፤ በሕጋቸው ሬሳ የነካ ሰባት ቀን ይረክሳል፣ ከሰው አይቀላቀልም፣ ኦሪትም አይነካም። «አባቴን ጅብ አይበላውም» ብሎ በእጁ ቀበራቸው። ሰባት ቀን ከኋላ ብቻውን ተጓዘ፤ ውሃ ድንጋይ ላይ ይተዉለት ነበር። አንዳንድ ቀን ውሃው አይበቃውም ነበር። ዛሬም በሽተኛ ነው።

ሦስተኛዋ ያልጋነሽ ናት። ድንበሩ አጠገብ ጨቅላ ልጇ ጀርባዋ ላይ ሞተባት። በጠዋት ቀበረችው። ከፊት ጠባቂዎች ዕቃ እየበረበሩ መጽሐፍ ያቃጥላሉ ሲባል ኦሪቱን ከወንድይፍራው ነጥቃ በባዶው አንቀልባ አዘለችው። «እሹሩሩ» እያለች በመካከላቸው አለፈች። ሕፃን መሰላቸው። ሬሳ በነካ እጇ ኦሪት መንካቷ ነውር መሆኑን ታውቃለች፤ የቄስ ልጅ አይደለች?

«ባልመለስ ኖሮ ምን ትይዙ ነበር?» አለ ወንድይፍራው።

«እናንተ መጽሐፉን ስትይዙ አባባን የያዘው ማን ነው?» አለ ቸኮል።

ያልጋነሽ ደግሞ፣ «እማዬ፣ ጀርባዬ አሁንም ባዶ ነው» አለች።

ላቀች ኦሪቱን ታቅፋ ሦስቱንም አየች። ባሏ ናፈቃት፤ እሱ ቢኖር ይህ ፍርድ እሷ ላይ አይወድቅም ነበር። ውጭ ሕዝቡ እያጨበጨበ ይጠብቃል። እሷ አፏን ከፈተች፤ እንባዋ ቀደማት።

እንግዲህ ፍርድ እናውቃለን የምትሉ፣ የቸገራት እናት ናትና አግዟት። ዓይኑን ለሰጠው፣ አባቱን አፈር ላለበሰው፣ ወይስ ሕጉን ጥሳ ኦሪቱን ላዳነችው፤ ለማን ትስጠው?