ጡሩምባው ወንዙን እስኪሻገር

ተረት ልንገራችሁ። ጅብ የለበትም፣ ጦጣም የለችበትም፤ የቻት ሰርቨር ግን አለበት። እናንተ ብቻ ጆሮ ስጡኝ።

እትዬ አረጋሽ የወንዝ ማዶ ሰፈር ሰው ነበሩ። ሰፈሩ ፈርሶ ጎረቤቱ እንደ ጨው ዘር ሲበተን እሳቸውም ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው። ቤቱ ምንም አይወጣለትም፤ ውሃ አለው፣ መብራት አለው። የሌለው አጥር ነው። ድሮ ጎህ ሲቀድ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው "እንደምን አደራችሁ?" ይላሉ፤ ከግራም ከቀኝም መልስ ሳይሰሙ እህል አይቀምሱም ነበር። አሁን ማን አለና? "እንዲያው ሞቼ ባድር ማን ይሰማል?" ብለው ሆዳቸው ይባባል። የፈለጉት ትንሽ ነገር ነው፤ እንደምን አደራችሁ የሚሉበት ደጅ።

የእህታቸው ልጅ ትርሲት ከወንዙ ወዲህ የሸክላ ሰፈር ልጅ ናት። ያም ሰፈር ቀድሞ ፈርሷል። ልጆቹ ግን ብልጦች ናቸውና ሰፈራቸውን በስልክ ላይ፣ በቻት ሰርቨር መልሰው ሠሩት። ወሬው "ቦኖ ጋ" በሚባል ክፍል ይወራል፣ ለጎረምሶች "ኳስ ሜዳ" አለ፣ ለሐዘን "ድንኳን" አለ። እትዬ አረጋሽ ለእኛም ክፈቺልን አሏት። ትርሲትም ባዶ ሰርቨር ባዶ ሜዳ ነው፤ ክፍሉን ለማበጀት፣ ሥራውን ለመደልደል እኛም ስንት ተጨቃጭቀንበታል፤ ቴምፕሌት ሲኖር ግን ልብስ ሰፊ በካርቶን ቆርጦ እንደሚያስቀምጠው ልክ ነው፣ ለፈለጉት ሰው ይቆርጡበታል፤ ያለ እሱ አልጀምርም አለች። ትርሲት አትከፍት፣ እትዬ አረጋሽ እንደምን አደራችሁ አይሉ።

ቴምፕሌቱን የሚያወጣው የሰርቨሩ ባለቤት ጌዲዮን ነው። በልጅነቱ በረኛ ነበር፤ አሁንም የሚያልፍበት ነገር የለም። ቴምፕሌት ክፍሉንና የሥራ ድርሻውን ይገለብጣል፣ የተወራውን አይገለብጥም አለ። ክፍሎቹን ብትወስዱ ደስታዬ ነው፤ ከሥራዎቹ መሀል ግን ጡሩምባ ነፊ የሚባል አለ፣ የሁሉን ሰው ስልክ ባንዴ የሚያስጮኸው እሱ ብቻ ነው። የጋሽ መርዕድ ሥራ ነው፤ ቴምፕሌቱ እሱንም አብሮ ስለሚገለብጥ እሳቸው ሳይፈቅዱ አልነካውም አለ። ጌዲዮን አይገለብጥ፣ ትርሲት አትከፍት፣ እትዬ አረጋሽ እንደምን አደራችሁ አይሉ።

ወደ ጋሽ መርዕድ ሄዱ። ጋሽ መርዕድ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሸክላ ሰፈርን እድር ጡሩምባ የነፉ ሰው ናቸው። ሰው ሲሞት ገና ሳይነጋ ጡሩምባቸው ወንዙን ተሻግሮ ሁለቱንም ሰፈር ይቀሰቅስ ነበር። ዛሬ በስልክ ነው የሚነፉት፤ ደስ ባይላቸውም ይነፋሉ። ጡሩምባ ያለ እድር ዳኛ ቃል ተነፍቶም ተሰጥቶም አያውቅ አሉ። ጋሽ መርዕድ አይፈቅዱ፣ ጌዲዮን አይገለብጥ፣ ትርሲት አትከፍት፣ እትዬ አረጋሽ እንደምን አደራችሁ አይሉ።

ዳኛው አቶ ሽብሩ ጢማቸውን አሻሹ። የሰፈራችን ወይዘሮ ጽጌ በወንዝ ማዶ ሰዎች አዝናለች፣ እሷን አስከፍቼ ቃል አልሰጥም አሉ። አቶ ሽብሩ ቃል አይሰጡ፣ ጋሽ መርዕድ አይፈቅዱ፣ ጌዲዮን አይገለብጥ፣ ትርሲት አትከፍት፣ እትዬ አረጋሽ እንደምን አደራችሁ አይሉ።

እትዬ አረጋሽ ግራ ገባቸው። ጽጌ? ስንት ዘመን ከአንድ ቦኖ ውሃ የቀዱት ጽጌ? ምን በደልናት ብለው ጠየቁ። አቶ ሽብሩ አቀርቅረው ነገሩን አወጡት። ባለቤቷ ወንድይፍራው ባለፈው ክረምት ሲያርፍ ከወንዝ ማዶ አንድም ሰው ለቅሶ አልደረሳትም።

እትዬ አረጋሽ ባሉበት ቁጭ አሉ። ወንድይፍራው መሞቱን ገና አሁን መስማታቸው ነው፤ ትርሲትም የሰሙ መስሏት አልነገረቻቸውም ነበር። ተነሡ፣ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ፣ ትርሲትን አስከትለው ሄዱ። የወይዘሮ ጽጌን ደረጃ ገና ሲጀምሩ "ወንድሜን፣ ወንድሜን" እያሉ ወጡ። በየፎቁ በር ተከፈተ። ወይዘሮ ጽጌም ከፈቱ፣ ግን መንገድ አልለቀቁም።

"ዛሬ ነው የምትመጪው?" አሉ።

"አልሰማሁም፣ ጽጌ።"

"ጡሩምባ ተነፍቶ?"

"የት ተነፋ?"

"በስልክ ነዋ። ሁሉም ሰምቶ መጣ።"

"እኔ እዚያ ስልክ ውስጥ መቼ ገባሁና?"

ወይዘሮ ጽጌ አፋቸውን ያዙ። ጡሩምባው ስልክ ውስጥ ሲገባ ወንዙን መሻገር መተዉን ያሰበ ሰው አልነበረም። እሳቸው ተረሳሁ ሲሉ ከርመው፣ ያኛው ሰፈር ለካ ጭራሽ አልተነገረውም። ተቃቅፈው አለቀሱ፤ የወንድይፍራውን ጨዋታ እያነሡ፣ ቦኖውን እያነሡ፣ የማይመለሰውን ሁሉ እያነሡ አለቀሱ። በመጨረሻ ወይዘሮ ጽጌ ፊታቸውን ጠርገው ወደ ትርሲት ዞሩ።

"ጡሩምባውን ስጧቸው" አሉ። "ሰው ሞቶ የማይሰማ ጎረቤት አይኑር።"

ከዚያማ ምን ይይዘዋል? ወይዘሮ ጽጌ ታረቁ፣ አቶ ሽብሩ ቃል ሰጡ፣ ጋሽ መርዕድ ፈቀዱ፣ ጌዲዮን ገለበጠ፣ ትርሲት ከፈተች። የወንዝ ማዶ ሰዎችም አንዱ ሌላውን እየጠራ ከየፎቁ ገቡ። ክፍሎቹ ሁሉ አሉ፣ ቃል ግን የለባቸውም። ሁሉም በየቤቱ ማን ይጀምር እያለ አደረ።

በማግስቱ እትዬ አረጋሽ መነጽራቸውን ፈልገው፣ ፊደሉን አንድ በአንድ ለቅመው "እንደምን አደራችሁ?" ብለው ጻፉ። ደቂቃም ሳይቆይ ከግራም ከቀኝም "እግዚአብሔር ይመስገን" ይጎርፍ ጀመር። ወይዘሮ ጽጌ ለካ ከወንዙ ወዲህ ተሻግረው ገብተው ኖሯል።

"አረጋሽ" ብለው ጻፉ፣ "ዛሬስ ምነው አረፈድሽ? ስንጠብቅሽ ነበር።"

ተረቴ አለቀ። ያልሰማ ጎረቤት ካላችሁ ሄዳችሁ ንገሩልኝ።