ዋና የተማረው ገበሬ

ወንዝ ዳር ለልጆች ዋና የሚያስተምር አንድ ሰው ነበረ። በሥራው የታወቀ ነው፤ በእሱ እጅ የሰጠመ ልጅ የለም።

አንድ ቀን ጺሙ ሸበት ያለ ገበሬ መጣ። መሬቱ ከወንዙ ማዶ ነው፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ከብቶቹ እዚያ እየቀሩበት ከወዲህ ሆኖ ያያቸዋል። «መሻገር ብቻ ነው የምፈልገው» አለ። ወንዙ የት እንደሚጠልቅ፣ የት ላይ አዙሪት እንዳለው፣ ጎርፍ ከመምጣቱ በፊት ውኃው ምን መልክ እንደሚይዝ ያውቃል። ያልቻለው መዋኘቱን ብቻ ነው። አስተማሪው ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለው፣ ምን ታውቃለህ ብሎ አልጠየቀውም። ከልጆቹ ጋር አሰልፎ ውኃውን በአፉ እፍ እንዲል አዘዘው። ገበሬው እፍ አለ። ሊዋኝ ሲሞክር ሰመጠ፣ ተነሣ፣ ደግሞ ሰመጠ። ያኔ አስተማሪው አንዷን ትንሽ ልጅ ጠራና «ነይ እስቲ፣ አገጩን ያዥለት» አላት። ልጆቹ በሳቅ ፍርስ አሉ። አስተማሪውም አብሮ ሳቀ።

ገበሬው ልብሱን ለብሶ፣ አመስግኖ ሄደ። ቤቱ ሲገባ ሚስቱ «እህ፣ እንዴት ሆነልህ?» አለችው።

«ቻልኩ» አላት። ምን ይበላት?

ክረምት ገባ፤ ወንዙ ሞላ፤ ከብቶቹ ማዶ ቀሩ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሚስቱ እጁን ይዛ ታስቀረው ነበር። ያን ዕለት ግን «አንተማ አሁን ዋና ትችላለህ፤ ሂድና አምጣቸው እንጂ» አለችው። ገበሬው ውኃውን አየ። ምን እንደሚያደርገው ከማንም ይልቅ ያውቃል። ዞሮ ሚስቱን አየና ገባ።

ሬሳውን ያወጣው ያው አስተማሪ ነው። ሴትዮዋ እያለቀሰች «ጌታዬ፣ አስተምረውት አልነበረም እንዴ?» አለችው። 

አየህ ልጄ፣ ጎልማሶች ተማሪዎቼ ለምን ይቀሩብኛል፣ እንዴትስ ላስተምራቸው ብለህ ጠየቅኸኝ። የሚያውቁትን ጠይቃቸው፤ ለምን እንደመጡ ስማቸው፤ አታሳፍራቸው። ይህ ገና ለሚመጡት ተማሪዎችህ ይሁንህ። ለቀሩት ግን ምንም የምልህ የለኝም፣ ተስፋም ቆርጫለሁ። ያቺ ሰሌዳ ፊት አቁመሃት ፊደል ስትስት ክፍሉን ያሳቅህባት እናት እንደ ገበሬው ናት። አቃተኝ ብላ ለልጆቿ የምትነግር ይመስልሃል? ቻልኩ ሳትላቸው አትቀርም። ነገ ትንሹ ይታመማል፤ ትልቁ መድኃኒቱን ያመጣና «እማዬ፣ ምን ያህል ይጠጣ ነው የሚለው? አንብቢው» ይላታል። ጠርሙሱን አገላብጣ ታየዋለች። ከዚያም በግምት ለትንሹ ትሰጠዋለች።