ያልተቀመሰው እንቅብ

ተረት ተረት! «የላም በረት» ልትሉኝ አፋችሁን እንደከፈታችሁ አያለሁ። ዛሬ ግን በረቱ የላም አይደለም፤ የአንዲት አህያ፣ የአንድ በግ፣ የአንዲት ዶሮና የአንድ ውሻ በረት ነው። እሺ ካላችሁ እቀጥላለሁ፤ እሺ ባትሉም እቀጥላለሁ።

በድሮ ዘመን፣ ሰውና እንስሳ በአንድ ቋንቋ ሲጨቃጨቁ፣ ጎታና ገንቦም ሲናደዱ መልስ ሲሰጡ፣ እትዬ አሰገደች የሚባሉ አንዲት ባልቴት ነበሩ። እጃቸው የተፈታ፣ ቤታቸው እንግዳ የማይታጣበት፣ ምላሳቸው ግን እንደ ሚጥሚጣ የሚለበልብ ሴት ናቸው። ከጎረቤታቸው ከወይዘሮ ደብሪቱ ጋር ስለማይስማሙ ለውሻቸው «ምናገባሽ» የሚል ስም አወጡለት። ጠዋት ማታ አጥሩ ሥር ቆመው «ምናገባሽ! ኧረ ምናገባሽ!» እያሉ ይጣራሉ። ውሻው ጅራቱን እየቆላ ይመጣል፤ ወይዘሮ ደብሪቱ ከአጥሩ ወዲያ ይቃጠላሉ። በአገራችን ስንቱ ውሻ የሰው ጠብ ተሸክሞ ይዞራል መሰላችሁ!

ምናገባሽ ራሱ ግን ጠብ አያውቅም። ቀን አጥር ሥር ይተኛል፤ ሲመሽ ደጅ ይጠብቃል፤ ብርድ ሲጠና ከአህያዪቱ ሆድ ሥር ገብቶ ይሞቃል። «እታለም» ነበር የሚላት። ቡችላ ሳለ እናቱ ሞታበት በእርሷ ሙቀት ነው ያደገው። ከዓለም ሁሉ አብልጦ የሚወደው እርሷን ነበር።

ያን ዓመት ክረምቱ ከበደ። ጣራው አፈሰሰ፤ ጠብታውም ቀጥ ብሎ ጎታው ሥር ወረደ። ጎታው በጭቃና በጭድ የተለሰነ፣ ሆደ ሰፊ ሽማግሌ ነው፤ አጉረመረመ።

«እትዬ፣ ሥሬ ራሰ! ሆዴን አመመኝ!»

«አንተ ደግሞ ስትሞላ ያምሃል፣ ስትጎድል ያምሃል!» አሉት እትዬ አሰገደች።

ክረምቱ አልፎ የላይኛው እህል ሲያልቅ፣ ከሥር የነበረው በቆሎ ወጣ። አረንጓዴ ሆኗል፤ እርስ በርሱ ተጣብቋል፤ ሽታው ያስነጥሳል። እትዬ አሰገደች አንድ እፍኝ አንስተው አሸተቱና ፊታቸውን አጨማደዱ።

«ይሄማ ለሰው አይሆንም» አሉ።

«እንግዲያው ይጣላ!» አለ ጎታው።

«እህል ይጣላል? ግፍ አይደለም እንዴ! በሰማይ ይከሰናል። ለከብቶቹ ይሁን። ከብት ምን ይሆናል?»

እንዲህ ያሉት እርሳቸው ብቻ እንዳይመስሏችሁ፤ አገሩ ሁሉ እንዲህ ይላል። በቆሎውን ፀሐይ ላይ አሰጡት፣ በእጃቸው አሹት፣ አበጠሩት። አረንጓዴው ብን ብሎ ሲበር ደስ አላቸው። በእንቅብ ሞልተው በረት አስገቡት። ሻጋታውም ከበቆሎው ሆድ ውስጥ ሆኖ ሳቀ፤ «ካባዬን አስወለቁኝ እንጂ እኔን መቼ አስወጡኝ!» አለ።

መጀመሪያ የደረሰችበት ዶሮዋ ናት። ምናገባሽ እንቅቡን አሸተተና ወደ ኋላ አለ።

«እመት ዶሮ፣ ተዪው፤ ሽታው ደስ አይልም» አላት።

«አጥንት የለመደ አፍንጫ ስለ እህል ምን ያውቃል!» አለችና ለቀመች። ደግማ ለቀመች።

ሳትሰነብት ክንፏን ጣለች፣ አንገቷን ደፋች፣ ሞተች። እትዬ አሰገደች «ፈንግል ነው፣ የዶሮ በሽታ» አሉና ከአጥር ውጭ ወረወሯት።

አመሻሽ ላይ አያ ጅቦ መጣ። እንደ ሌባ እየተሽሎከለከ አይደለም፤ እንደ ክቡር እንግዳ ጉሮሮውን እየጠረገ ነው የመጣው።

«እንደምን አመሻችሁ? እትዬ አሰገደች ደኅና ናቸው? እጃቸው አይንጠፍ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ!» አለና ዶሮዋን ከነላባዋ ዋጣት።

ምናገባሽ እሪ ብሎ ጮኸ። እትዬ አሰገደች በትር ይዘው ሲወጡ ጅቡ የለም።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!» ብለው ሰደቡት።

«እትዬ፣ ዶሮዋን የገደላት እኮ ፈንግል አይደለም፤ በቆሎው ነው።»

«አፍንጫህ ቀብጧል! ፈንግሉንም ያመጣባት ጅቡ ነው፤ በዓይኑ ነው የጨረሳት» አሉት። በማግስቱ እሾህ አስቆርጠው አጥሩ ላይ ከመሩ።

ቀጥሎ በጉ። በጉ ለበዓል የሚደልብ ነበርና የእርሱ ድርሻ ከሁሉም ይበልጣል። ምናገባሽ ለእርሱም «ተው» አለው።

«ወንድሜ፣ እኔ እንደሆንኩ ለቢላዋ ነው የምደልበው። ስለ ጤናዬ የምጨነቅበት ምን ምክንያት አለኝ?» አለና ጠግቦ በላ። ሆዱ ተነፋ፣ ጥርሱን አፋጨ፣ በዓሉ ሳይደርስ ሞተ። በራሱ የሞተ አይበላምና እርሱም ከአጥር ውጭ ተጣለ።

አያ ጅቦ አመሻሽ ላይ መጣ። ዛሬ ጭራሽ እጅ ነሣ።

«እንደምን አመሻችሁ? እትዬ አሰገደች ደኅና ናቸው? እጃቸው አይንጠፍ! አንተስ ወንድሜ ምናገባሽ፣ ሆድህ ከጀርባህ ጋር ተጣብቋል እኮ።»

እውነቱን ነው። እትዬ አሰገደች ከዚያው በቆሎ ቂጣ ጋግረው ይሰጡታል፤ እርሱ ደግሞ እየወሰደ ይቀብረዋል። የሚበላው አልነበረውም።

«እንካ፣ አንዱን እግር ላንተ» አለው ጅቡ።

የምናገባሽ ምራቅ ወረደ። ሆዱ «ተቀበል! ተቀበል!» እያለ ተንጫጫበት።

«በጉ ወዳጄ ነበር» አለ በመጨረሻ።

«ታዲያ! የወዳጅህን ሥጋ ሰጠሁህ እንጂ የባዕድ ሰጠሁህ?»

«ሂድ ከዚህ! አጥሩን ዘለህ ብትገባ አንገትህን ነው የማንቅህ!»

ጅቡ ሳቀ፤ የጅብ ሳቅ ታውቁታላችሁ።

«ምን በወጣኝ እዘላለሁ? እሾህ ይወጋኛል። እትዬ ያበላሉ፣ እኔ እበላለሁ፤ ሥራችንን ተከፋፍለናል። አሁን የቀረችው አህያዪቱ ናት። የአህያ ነገር…» አለና ዓይኑን ጨፍኖ ከንፈሩን ላሰ።

ምናገባሽ ወደ ቤት በረረ። «እትዬ! በቆሎውን ይድፉት! እታለምን ይገድልብኛል!» ብሎ ለመነ።

«አሁንም በጌን በዓይኑ በላው! ሌላ እሾህ ይምጣ!» ብቻ አሉ እትዬ አሰገደች።

እሾሁ ተከምሮ ተከምሮ ከቤቱ ጣራ ሊበልጥ ደረሰ። ድመት እንኳ ማለፊያ አጣች። ሞት ግን እሾህ ምን አገደው? በበሩ፣ በእንቅብ ሆኖ፣ በእትዬ አሰገደች እጅ ይገባ ነበር።

አህያዪቱ ከወፍጮ ስትመለስ እንቅቡ ፊቷ ተቀመጠ።

«እታለም፣ በእኔ ሞት አትብዪው» አላት ምናገባሽ።

«ልጄ፣ ቀን ሙሉ ተሸክሜ ጦሜን ልደር? ደግሞስ እትዬ በእጃቸው የሰጡኝ ነው። እትዬ ክፉ ነገር አይሰጡኝም» አለችው።

በላች። ሰንበትበት ብሎ ጆሮዋ ወደቀ፤ ዓይኗ ቢጫ ሆነ፤ ጉልበቷ ከዳት። አንድ ቀን ጠዋት ልትነሣ ሞከረች፣ አቃታት። ምናገባሽ ፈራ። እንዲህ ፈርቶ አያውቅም። ከሆዷ ሥር ቢገባ ሙቀቱ የቀድሞው አይደለም። ወጥቶ ጓዳ ገባና ጎታው ሥር ተንበረከከ።

«አባባ ጎታ፣ ምን ይሻለኛል? እትዬ ብነግራቸው፣ ብነግራቸው አልሰማ አሉኝ።»

«ጆሯቸውን ተወው» አለ ጎታው። «ለእንግዳ ጠላ ሲቀዱ አይተህ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ እንጂ።»

«መጀመሪያ ምን ያደርጋሉ?»

«መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ይቀምሳሉ። ከዚያ ይሰጣሉ።»

«ለምንድን ነው?»

«እንግዳው እንዳይጠራጠር። ‹ክፉ ነገር የለበትም፣ እኔ ቀምሼዋለሁ› ለማለት ነዋ!»

«እንግዲህ እኔ የታመምኩ ሽማግሌ ነኝ፣ ብዙ አታናግረኝ» አለው ጎታው።

ምናገባሽም ገባው።

በዚያው ቀን የማኅበሩ ተራ የእትዬ አሰገደች ነበር። ማኅበርተኛው ተሰበሰበ። ወይዘሮ ደብሪቱም መጡ፤ ጠብ ጠብ ነው፣ ማኅበር ግን አይቀርም። እትዬ አሰገደች ጠላውን ቀዱ፤ መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ቀመሱ፤ ዋንጫውን ለወይዘሮ ደብሪቱ ዘረጉ።

ይኼኔ ምናገባሽ እንቅቡን በጥርሱ እየጎተተ ገባና እግራቸው ሥር አስቀመጠው።

«ውጣ! አንተ ባለጌ!»

«እወጣለሁ እትዬ። አንድ ነገር ብቻ። ለወይዘሮ ደብሪቱ ቀምሰው ሰጡ፣ አይደል?»

«ወጉ ነዋ!»

«ጠበኛዎ ናቸው፣ ግን ቀመሱላቸው። እኛ ጠበኛዎ አይደለንም። እታለም ሸክምዎን ተሸክማ አረጀች፤ እኔ ደጅዎን ጠበቅኩ። ለእኛም አንድ ጊዜ ይቅመሱልን።»

ማኅበርተኛው ዋንጫውን እንደያዘ ቀረ። ወይዘሮ ደብሪቱ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

«ምናገባሽ!» ብለው ጮኹ እትዬ አሰገደች።

«ኧረ እኔ ምን ተናገርኩ?» አሉ ወይዘሮ ደብሪቱ።

«ውሻዬን ነው!» አሉና ዞር ብለው እንቅቡን አዩት። ሰው ሁሉ ያያቸዋል። «የፈራሁ መሰላችሁ እንዴ?» ብለው አንድ ፍሬ አነሡ፤ ወደ አፋቸው ጣሉ፤ ቆረጠሙ።

ወዲያው ፊታቸው ተለወጠ። ምሬቱ ጉሮሯቸውን ያዘው። እንደ ምንም ሊውጡት ሞከሩ፣ አልሄድ አለ። ተፉት። በጠላ ተጉመጠመጡ፤ ምሬቱ አሁንም እዚያው ነው።

«ይሄን ነው?» አሉ። ድምፃቸው ቀንሷል። «አህያዬ ስትበላ የሰነበተችው ይሄን ነው?»

ጎታው ከጓዳ ተናገረ። «እትዬ፣ እህል ልጄ ነው፤ ልጄን አውቀዋለሁ። ይሄ እህል መሆኑ ቀርቷል። ግፉ መጣሉ አይደለም፣ ማብላቱ ነው።»

እትዬ አሰገደች ማኅበሩን ጥለው ወደ በረት ሮጡ። አህያዪቱ ተጋድማለች። አንገቷን አቅፈው «እኔን ይድፋኝ! በገዛ እጄ!» እያሉ አለቀሱ። አህያዪቱም ቀና ብላ አየቻቸው፤ ቂም አልነበራትም፤ ይኼ ደግሞ ይብስ አስለቀሳቸው።

ማኅበርተኛው እንቅቡን አወጣ፣ ገንዳውን በፈላ ውኃ አጠበ፣ በረቱን ጠረገ። ወይዘሮ ደብሪቱ ከቤታቸው ንጹሕ ድርቆሽ ይዘው በአጥሩ በኩል ሊያቋርጡ ቢሉ እሾሁ መግቢያ ከለከላቸው።

«ይሄን ክምር አንሡልኝ! ደግሞ ‹ምን አገባሽ› በዪኝና ታያለሽ!» ብለው ከአጥር ወዲያ ተቆጡ።

«ግቢ እባክሽ፣ ግቢ» አሉ እትዬ አሰገደች እንባቸውን እየጠረጉ። እሾሁ ተነሣ።

ከዚያ ወዲያ ንጹሕ ውኃ፣ ለጋ ሣር፣ ዕረፍት። አህያዪቱ አንድ ቀን ትሻላለች፣ አንድ ቀን ይብስባታል። ምናገባሽ ከጎኗ አልተለየም። አንድ ማለዳ አንደኛው ጆሮዋ ብድግ አለ። ቆይቶ ሁለተኛው ብድግ አለ።

«ልጄ፣ ራበኝ» አለች።

ምናገባሽ ደስታው የሚያደርገውን አሳጣው። ግቢውን ዞረ፣ ጎታውን ላሰ፣ ወይዘሮ ደብሪቱን ሳይቀር ላሰ።

እትዬ አሰገደች የተረፈውን በቆሎ ከጎታው ሥር ጠርገው አወጡ። ከአጥሩ ውጭ ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፍረው አፈር መለሱበት። አያ ጅቦ ከዋሻው ሆኖ የዶማውን ድምፅ ሰማ።

«ጉድ! አህያዪቱ ሞታለች ማለት ነው!» አለ። «ሊቀብሯት ነው እንዴ? እኔ እያለሁ ምን አደከማቸው!»

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መጣ። ቆፈረ። ምራቁ እየተንጠባጠበ ቆፈረ። በመጨረሻ አፍንጫውን ጉድጓዱ ውስጥ ከተተ። አስነጠሰው። ደግሞ አስነጠሰው። ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ በጀርባው ተንከባለለ።

እትዬ አሰገደች ከአጥሩ ወዲህ ሆነው የእርግማኑን ዓይነት እየመረጡ ነበር። አያ ጅቦ ግን ቀደማቸው።

«እትዬ አሰገደች! እኔ የአህያ ኮቴ እበላለሁ። የደረቀ ጠፍር እበላለሁ። የከረመ ጥንብ ከነትሉ እበላለሁ። ይሄን ግን አልበላም! ለገዛ ከብቶችዎ ሲሰጡ የከረሙት ይሄንን ነው?»

እትዬ አሰገደች የመረጡትን እርግማን ከነሚጥሚጣው ዋጡት። አንገታቸውን ደፍተው ወደ በረት ተመለሱ። በአንድ እጃቸው አዲሱን ገብስ ያዙ፤ ከዚያው አንድ ፍሬ አንስተው ቆረጠሙ፤ ከዚያ በኋላ ነው እፍኛቸውን ለአህያዪቱ የዘረጉት።

ያልቀመሱትን ለከብት አብልቶ ጅብን መርገም አይገባም።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ፤ ዳቦውን ግን ቀድማችሁ ቅመሱ!